ዴቶል ዴቶል የሚሸተው ውስኪ ተበላሽቷል ወይ?

ጥያቄ፦ «ከውጭ አገር የመጣ ዘመዴ አንድ ጠርሙስ የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት (በአንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ) ውስኪ ይዞልኝ መጣ። መለያው ላይ የአይላ ደሴት ምርት መሆኑ፣ 10 ዓመት በበርሜል መቆየቱና 46 በመቶ አልኮል እንዳለው ተጽፏል። ካዛንቺስ እቤቴ ስከፍተው ቡሹ ‹ጷ› ብሎ ጮኸ፤ ሽታው ዴቶልና የተቃጠለ ገመድ ነው፤ በረዶ ስጨምርበት ደግሞ ደፈረሰ። ተበላሽቶ ነው ወይስ ሐሰተኛ ነው? ደኅና ከሆነስ፣ ጥሩ መሆኑን በምን ለይቼ አውቃለሁ?»

ምላሽ፦ የዘረዘሯቸው ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም የቡሹ ጩኸት፣ የዴቶሉ ሽታና መደፍረሱ፣ አንድ ላይ ሲሰሙ ያስደነግጣሉ፤ ሆኖም ሦስቱም በጤነኛ ጠርሙስ ላይ የሚጠበቁ ናቸው። ስለዚህ ከገለጻዎ ብቻ ተነሥቼ «ተበላሽቷል» የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። አለመበላሸቱ ግን ጥሩ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ይህን ለመፍረድ ተስማሚ ብርጭቆ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ትዕግሥትና አንድ ሌሊት ያስፈልጋል። እኔ ከቡና ቅምሻ ጠረጴዛ ተነሥቼ ወደ መጠጥ ግምገማ የገባሁ ሰው ስለሆንኩ በምላሼ ውስጥ ቡናና ጠላ ደጋግመው ብቅ ቢሉ እንዳይገረሙ።

ከቀላሉ ልጀምር። ጠርሙሱ የታሸገው በባሕር ጠለል አቅራቢያ ነው፤ እርስዎ የከፈቱት ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ በሚልበት ቦታ ነው። በቡሹና በፈሳሹ መካከል የቀረው አየር የታሸገበትን ቦታ ግፊት እንደያዘ ስለመጣ፣ መውጫ ሲያገኝ ቡሹን ገፍቶ ይጮኻል። ከቆላ የመጣ የቺፕስ ከረጢት እዚህ ሲደርስ ተነፍቶ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። በመጠጡ ውስጥ ጋዝ አለ ማለት አይደለም። በሌላ ጊዜ ቡሹን በአንድ እጅዎ ጨብጠው ጠርሙሱን ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ እኔ አንድ ጊዜ ይህን ዘንግቼ ሸሚዜን አጥቤበታለሁ።

የደፈረሰበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ከእህሉ፣ ከእርሾውና ከበርሜሉ የሚመጡ ቅባት መሰል ውሕዶች በአልኮሉ ውስጥ ሟሙተው ይኖራሉ፤ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ወይም ውሃ ሲገባበት መሟሟታቸውን ትተው እንደ ጉም ይታያሉ። ብዙ ፋብሪካዎች ደንበኛ እንዳይደነግጥባቸው ውስኪውን ከማሸጋቸው በፊት አቀዝቅዘው በማጣራት እነዚህን ያስወግዷቸዋል፤ 46 በመቶና ከዚያ በላይ አድርገው የሚያሽጉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሆን ብለው ይተዋቸዋል፤ ምክንያቱም ለአፍ ውፍረትና ልስላሴ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ኡዞ ውሃ ሲነካው ወተት የሚመስለው የአኒሱ ዘይት ከአልኮሉ ስለሚለያይ ነው፤ የእርስዎም ውስኪ የዚያ ታናሽ ወንድም ሆኖ ታይቷል። በረዶውን ግን ለመገምገም ሲቀመጡ ይተውት፤ ቅዝቃዜ መዓዛውን አፍኖ ምሬቱን ብቻ ያስቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሽታው እንምጣ። አይላ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለች፣ ነፋስ የማይለያትና ዛፍ የሚያንሳት ደሴት ናት። ነዋሪዎቿ ለዘመናት ያነደዱት እንጨት ሳይሆን ፒት የተባለውን የረግረግ አፈር ነው። ፒት ማለት ሣር፣ ሞስ የተባለው ለስላሳ ተክልና ቁጥቋጦ ውሃ በሞላበት መሬት ውስጥ አየር አጥተው፣ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብሱ እየተደራረቡ የሚፈጥሩት ጥቁር ንጣፍ ነው። በዓመት የሚያድገው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ሜትር ጥልቀት የቆፈረ ሰው የ1,000 ዓመት ክምችት ቆፍሯል ማለት ይቻላል። ይህ አፈር በጡብ መልክ ተቆርጦ ይደርቅና ይነዳል፤ አነዳደዱም ከእንጨት ይልቅ የእኛን ኩበት ይመስላል፤ ነበልባሉ ጥቂት፣ ጭሱ ግን ብዙና ወፍራም ነው።

ጭሱ ወደ ውስኪው የሚገባው በብቅሉ በኩል ነው። ገብሱ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ከዚያም ማደጉን እንዲያቆም ይደርቃል። እናቶቻችን የጠላ ብቅል የሚያደርቁት በፀሐይ ነው፤ አይላ ግን እንኳን ብቅል የሚያደርቅ ፀሐይ ልብስ የሚያደርቅም አዘውትሮ አይወጣባትም፤ ስለዚህ ገና እርጥብ የሆነው ብቅል በእሳት ላይ ይዘረጋና የፒቱ ጭስ በገለባው ላይ ይጣበቃል። ጭሱ ይዞት የሚመጣው ፌኖል የተባለ የውሕዶች ቤተሰብ ነው። ከነዚህ አንዱ ራሱ ፌኖል ሲሆን፣ ካርቦሊክ አሲድ በሚለው በጥንቱ ስሙ ጆሴፍ ሊስተር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1865 በዚያችው ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ቁስልን ከመመርቀዝ ለመከላከል የተጠቀመበት ነው። በዴቶል ውስጥ ጀርም የሚገድለው ክሎሮዛይለኖልም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። እንግዲህ አፍንጫዎ አልተሳሳተም፤ «ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» የሚባለው አንዱ ዘመድ ሌላውን ስለሚመስል ነው። የሬንጅና የገመዱን ጠረን በዋናነት ክሬሶሎች፣ ጣፈጥ የሚለውን የእንጨት ጭስ ደግሞ ጓያኮል ያመጣሉ። ጓያኮል ጠቆር ተደርጎ በተቆላ ቡና ውስጥም አለ፤ ስለዚህ ሳያውቁት በየቀኑ ሲያሸቱት ኖረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ገጠመኝ ልንገርዎ፤ የሙያዬን አቅጣጫ ያስተካከለልኝ እሱ ነውና። በጀማሪነቴ ዘመን የቅምሻ ማስታወሻዎቼን የምጽፈው ከውጭ መጻሕፍት በቃረምኳቸው ቃላት ነበር፤ ባሕር አይቼ ሳላውቅ «የባሕር አረም»፣ ዓሣ ሲታጠን አሽትቼ ሳላውቅ «ያጨሰ ሄሪንግ» እያልኩ ደብተር ሞልቻለሁ። አንድ ቀን ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር ጠላ ለሚጠምቁ እናት ከአይላ የመጣ ውስኪ በብርጭቆ አቀረብኩላቸው። ሳይቀምሱ አሸተቱት፣ ጥቂት አሰቡና «ይኼማ ሳይወለወል የታጠነ ጋን ነው» አሉ። ቀጥለውም ወይራው ብቻውን እንዳልሆነ፣ ኩበትና ቅጥራን የነካው ጭስ እንዳለበት፣ ሥሩ ግን «ንጹሕ አሻሮ» መሆኑን ተናገሩ። እኔ በአንድ ገጽ ያልጨረስኩትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን «ሥሩ» ያሉት ነው። ባለሙያዋ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥበው በወይራ ያጠኑት ለጠላው መዓዛ ለመስጠት ነው፤ ጠላውን የሚመዝኑት ግን በጭሱ ሳይሆን በብቅሉ፣ በጌሾውና በአሻሮው ነው። ጭሱ ጠንክሮ ሥሩ ባዶ ከሆነ «ጋን ጋን ይላል» ብለው ይጥሉታል። የፒት ውስኪን የምገመግምበት መሠረት እስከ ዛሬ ይኸው ነው፦ ጭሱን አውቄ ካለፍኩት በኋላ ምን ይቀራል?

ይህን የምለው ብዙ ጠጪዎች ከዚህ በተቃራኒ በቁጥር ስለሚመዝኑ ነው። ከፒት ውስኪ ጋር አብሮ የሚጠራ አንድ ልኬት አለ፤ በሚሊዮን ስንት ክፍል ፌኖል እንዳለ የሚናገር ነው። ከአይላ ፋብሪካዎች ላጋቩሊን 35 ገደማ፣ ላፍሮይግ ከ40 እስከ 45፣ አርድቤግ ደግሞ ከ50 በላይ ይባላል፤ ብሩክላዲ ፋብሪካ ኦክቶሞር በሚል ስም ከሚያወጣቸው መካከል 8.3 የተባለው ከ300 አልፏል። ሰው ይህን ሲሰማ 300ው የ50ውን ስድስት እጥፍ የሚያጨስ ይመስለዋል። ልኬቱ ግን የተወሰደው ከብቅሉ እንጂ ከጠርሙሱ አይደለም። ብቅሉ ሲፈጭ፣ ሲጠነሰስ፣ ሁለት ጊዜ በመዳብ ጋን ሲነጠር ከፌኖሉ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ በመንገድ ይቀራል፤ በበርሜል ውስጥም በየዓመቱ ይቀንሳል። ስለዚህ 30 ዓመት የቆየ የአይላ ውስኪ ከ10 ዓመቱ ይልቅ ጭሱ የሰከነ ሆኖ ቢያገኙት ሐሰተኛ ነው እንዳይሉ።

ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ከኩል ኢላና ከላጋቩሊን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሁለቱም አይላ ላይ ናቸው፤ ባለቤታቸው አንድ ነው፤ ብቅላቸውም ከዚያው ከደሴቷ፣ ከፖርት ኤለን ብቅል ማምረቻ፣ በተቀራረበ የፌኖል መጠን ይመጣል። ሆኖም ኩል ኢላ ቀለል ያለ፣ ሎሚና አመድ የሚል ውስኪ ሲሆን ላጋቩሊን ወፍራም፣ ጨለም ያለና በአፍ ውስጥ የሚከብድ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው አነጣጠሩ ነው። ከመንጠሪያው መካከል ላይ የሚወጣው ይወሰዳል፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ተመልሰው ይነጠራሉ፤ ፌኖሎች ደግሞ ከባድ ስለሆኑ አዘግይተው፣ ወደ መጨረሻው ነው የሚመጡት። ነጣሪው መካከሉን ትንሽ አርዝሞ ከወሰደ ጭሱ ይበዛል፤ አብሮት ግን ላብ የጠጣ ኮርቻ የሚመስል ከባድ ሽታም ይገባል። የትኛው ደቂቃ ላይ እንደሚያቆም መወሰን የሙያው ልብ ነው። ዳግም አረቄ የሚያወጡ እናቶችም ይህን ውሳኔ ያለ መሣሪያ፣ በአፍንጫና በጣት ይወስኑታል።

እንግዲህ እንቅመስ። ጊዜው ረፋድ፣ 5 ሰዓት ገደማ ቢሆን ይመረጣል፤ አፍ የሚነቃበት ሰዓት ነው፤ የምንተፋ ስለሆነ ሰዓቱ አያሳፍርም። ክትፎና ሚጥሚጣ ከበሉ ቢያንስ ለግማሽ ቀን ያቆዩት። ዋናው ችግርዎ የሚሆነው ቤቱ ነው። በመሐል አዲስ አበባ ፎቅ ቤት ውስጥ ጎረቤት ቡና ሲቆላ ወይም ዕጣን ሲያጨስ ሽታው በደረጃው ወጥቶ እዚያው ክፍል ይገባል፤ ያን ጊዜ የሚገመግሙት ውስኪውን ሳይሆን ሕንፃውን ነው። የአየሩ ሙቀት በአንጻሩ በጣም ይመቻል፤ የከተማችን ቤት ያለ ማሞቂያና ያለ ማቀዝቀዣ አብዛኛውን ጊዜ ለቅምሻ በሚመረጠው 18 እና 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፍታው ግን አንድ ጣጣ አለው፤ በባሕር ጠለል በ78 ዲግሪ የሚፈላው ንጹሕ አልኮል እዚህ በ71 ገደማ ይፈላል፤ በተራ ሙቀትም ፈጥኖ ይተናል። ስለዚህ እንደቀዱ አፍንጫዎን አያስጠጉ፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያሳርፉት።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ለዚሁ ሥራ የተሠራ የግሌንኬርን ብርጭቆ ካላገኙ ትንሽ የነጭ ወይን ብርጭቆ ይበቃል። የአረቄ መለኪያ አይሆንም፤ መዓዛውን የሚሰበስብበት ቦታ የለውም፤ ደግሞም እጅ መለኪያ ሲይዝ በአንድ ትንፋሽ መገልበጥ ይለምድበታል። «ብርሌስ?» የሚሉኝ አሉ፤ ቅርጹ ደስ ይላል፣ ነገር ግን አንገቱ ጠቦ አልኮሉን ስለሚያጠራቅም አፍንጫን ይወጋል፤ ለጠጅ ይቆይ።

20 ሚሊ ሊትር ያህል ይቅዱ። ቀለሙን ይዩት፣ ግን ብዙ አይመኑት፤ የስኮትላንድ ውስኪ ሕግ ከውሃ በቀር ለማቅለሚያ የሚሆን ካራሜል መጨመር ስለሚፈቅድ፣ የጠቆረ ሁሉ ያረጀ አይደለም። ከዚያ ብርጭቆውን ከአገጭዎ ሥር ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ አፍንጫዎ ያምጡት፤ አፍዎን ገርበብ አድርገው በቀስታ ይሳቡ። የመጀመሪያው ማሽተት ጭስ ብቻ ይሆናል፤ ይህ ሁሉም ሰው የሚያገኘው ነውና አይጻፉት። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ልብ ይበሉ። አፍንጫ ለፌኖል ፈጥኖ ይለምዳል፤ ወይራ ሲታጠን የዋለ ሰው ቤቱ መሽተቱን እንደማያውቀው ሁሉ፣ ከአራት ወይም ከአምስት ማሽተት በኋላ ጭሱ ከፊትዎ ገለል ይላል። ጀማሪ ይህን «መዓዛው ጠፋ» ብሎ ይተረጉመዋል። እኔ ግን የምጠብቀው ይህንን ቅጽበት ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ብቅል፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ያልበሰለ ፍራፍሬ፣ የበርሜሉ ቫኒላ፣ አንዳንዴም ቅርንፉድ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ካልወጣ፣ ማለትም ጭሱ ገለል ሲል ጀርባው ስፒሪት ስፒሪት ብቻ ካለ፣ ቁጥሩ 50 ሆነ 300 ለእኔ መናኛ ውስኪ ነው።

የሚያገኙትን በሚያውቁት ነገር ስም ይጻፉ። ኩበት ከሆነ ኩበት፣ ሬንጅ የሚያፈሱበት መንገድ ከሆነ የመንገድ ሬንጅ፣ ከምድጃ በላይ የተሰቀለ ቋንጣ ከሆነ ቋንጣ ይበሉት። ከስድስት ወር በኋላ ማስታወሻዎን ሲያነቡ የሚረዳዎ ይህ ነው።

በአፍዎ ሲወስዱ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ይውሰዱ። የቡና ቀማሽ ከሆኑ ሽርር አድርጎ የመሳብ ልማድዎን በር ላይ ይተዉት፤ 46 በመቶ አልኮል በትንፋሽ ከገባ ጉሮሮን ያቃጥልና ለግማሽ ሰዓት ከሥራ ውጭ ያደርግዎታል። በምላስዎ ላይ ለአሥር ሰከንድ ያህል አንከባለው ይዋጡት ወይም ይትፉት፤ ከዚያ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፤ ጭስ የሚለየው በዚህ የመልስ ትንፋሽ ነው። እዚህ ላይ የምመረምረው አካሄዱን ነው። ጥሩ የፒት ውስኪ በገብስ ጣፋጭነት ይጀምራል፣ ጭሱ ከመካከል ይነሣል፣ መጨረሻው ወደ ደረቅ አመድ ያዘነብላል፤ ጣፋጩ ግን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ጭስ ብቻ ከሆነ አሰልቺ ነው። ጭሱ ጠፍቶ ምላስ ላይ መራራ እንጨት ከቀረ ደግሞ በርሜሉ መጠጡን አሸንፎታል።

ቀጥሎ ውሃ። ውሃ መጨመር ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ የውስኪ ቀያጮች ግን ናሙናቸውን ወደ 20 በመቶ ገደማ አቅጥነው ነው የሚያሸቱት። ምክንያቱንም እ.ኤ.አ. በ2017 በስዊድን ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ቢዮርን ካርልሶንና ራን ፍሪድማን በኮምፒውተር ስሌት አሳይተዋል፤ የአልኮሉ መጠን ከ59 በመቶ በላይ ሲሆን ጓያኮል በአልኮሉ ተከብቦ ወደ ፈሳሹ ውስጥ ይገባል፣ እስከ 45 በመቶ ሲወርድ ግን ወደ ገጽታው ወጥቶ ከአየሩ ጋር ይገናኛል። በእርስዎ 20 ሚሊ ሊትር ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢጨምሩ፣ መጠጡ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል፤ ለእኔ ምላስ ለዚህ ዓይነቱ ውስኪ ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያፍስሱት፤ በጠብታ እየጨመሩ በየመካከሉ ያሽትቱ። ውሃው የታሸገ፣ ጋዝ የሌለው ይሁን። አምቦ ውሃ ለሌላ ነገር የምወደው ነው፤ ጋዙና ማዕድኑ ግን እዚህ ጣልቃ ይገባሉ። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ክሎሪን ከፌኖል ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል የተባሉ፣ በጣም ጥቂታቸው እንኳ መድኃኒት መድኃኒት የሚል ሽታ ያላቸው ውሕዶች ይፈጥራልና፣ የዴቶሉን ነገር ራስዎ አባብሰውት መጠጡን ይከሱታል።

ውሃው ጉድለትንም ያጋልጣል። በፒት ውስኪ ግምገማ ከባዱ ሥራ የጭስን ሽታ ከብልሽት ሽታ መለየት ነው፤ «የተቃጠለ ጎማ» ከሁለቱም ሊመጣ ይችላልና። ከክሬሶል የመጣው እንደ ሬንጅ ይከብዳል፣ ውሃ ሲነካው እየጣፈጠ ይሄዳል። ከድኝ የመጣው ግን እንደተጫረ ክብሪት ወይም እንደ ተቀቀለ ጎመን ይወጋል፣ ውሃ ሲገባበት ይብስበታል፣ ከምላስ ጀርባም ደረቅ ምሬት ይተክላል፤ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ድኝ የታጠነ፣ ሼሪ የተባለው የስፔን ወይን የነበረበት በርሜል ነው። ጥርጣሬ ካደረብዎ ጥቂቱን በሌላ ብርጭቆ ለይተው፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ የተላጠና በደንብ የታጠበ የመዳብ ክር ይክተቱበትና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁለቱን ያወዳድሩ። መዳብ አንዳንድ የድኝ ውሕዶችን ስለሚይዝ፣ ሽታው ከቀነሰ ጉድለቱ ከዚያ ነው። የፈተኑበትን ይድፉት እንጂ አይጠጡት። ከዚህ ሌላ እርጥብ ካርቶን የሚል ሽታ ከቡሹ፣ ሕፃን ያስመለሰው ወተት የሚመስል ሽታ ደግሞ ከጥንስሱ የመጣ ጉድለት ነው፤ ሁለቱም በጭስ ጀርባ መደበቅ ይወዳሉ። እርስዎ ከጻፉት ውስጥ ከእነዚህ አንዱንም አላየሁም፤ ዴቶልና ገመድ ከፌኖሉ ወገን ናቸው።

ሐሰተኛ ስለመሆኑ የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ። ፈሳሹ ከጠርሙሱ አንገት በታች ሳይጎድል ከመጣ፣ ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ ሳይቀደድ ከደረሰዎትና መለያው ላይ ያለው የአልኮል መጠን ፋብሪካው ለዚያ ምርት ከሚያወጣው ጋር ከተስማማ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስብ ነገር የለም። በረዶ ሲነካው መደፍረሱም የሚደግፍልዎት ነው፤ ቀለምና ማጣፈጫ የገባበት ተራ አልኮል ሲቀዘቅዝ እንዲህ የመደፍረስ ልማድ የለውም። ማሸጊያው ተነክቶ ከነበረ ግን ቀምሶ ለማጣራት አይሞክሩ። ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል በሽታም ሆነ በጣዕም ከተለመደው አልኮል አይለይም፤ የእኔም አፍንጫ ሆነ የማንም ቀማሽ አፍንጫ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ነጥብ እንድሰጥልዎ የሚጠብቁ ከሆነ አልሰጥም። በቡና ቅምሻ 80 ነጥብ ስንል ጠረጴዛው ዙሪያ ያለን ሁሉ አንድ ዓይነት ቅጽ፣ አንድ ዓይነት አቆላል፣ አንድ ዓይነት የውሃ መጠን ይዘን ነው፤ ለብቻው እቤቱ አንድ ጠርሙስ የከፈተ ሰው የሚሰጠው ነጥብ የዕለቱን ስሜት ይለካል። ይልቅስ ያንኑ ጠርሙስ በሦስት የተለያዩ ቀናት ቀምሰው፣ ሦስቱንም ጊዜ የተደጋገመውን ቃል ያስምሩበት። አንዱን ቀን ፒት የሌለበት ሲንግል ሞልት ቢያገኙ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ የእርስዎን ይቅመሱ፤ ቅደም ተከተሉን ካዛቡት ያ ምስኪን ውኃ ውኃ ይልብዎታል። ጠርሙሱን ቆሞ፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቁም ሣጥን ውስጥ ያኑሩት፤ እንደ ወይን አጋድመው ካስቀመጡት አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ሲጋመስ አየሩ ስለሚበዛበት ጭሱ እየደከመ ይሄዳልና ለዓመታት አያቆዩት።

የመጨረሻውን ፈተና ደግሞ ዛሬ ማታውኑ ማድረግ ይችላሉ። የቀመሱበትን ብርጭቆ ሳያጥቡ፣ ጠብታው እንደቀረበት ጠረጴዛ ላይ ያሳድሩት። አልኮሉ በሌሊት ተንኖ ይሄዳል፤ ፌኖል የሚፈላው በ182፣ ጓያኮል በ205 ዲግሪ ስለሆነ እነሱ ተለጥፈው ያድራሉ። ጠዋት ቡና ሳይፈላ ያሽትቱት። የታመሰ ገብስ፣ የማር ሰም የመሰለ ጣፋጭነት፣ ከላዩ ደግሞ የቀዘቀዘ ምድጃ አመድ ካገኙ፣ ዘመድዎ ያመጣልዎት ጥሩ ጠርሙስ ነው። የሚቀረው የሲጋራ መተርኮሻ ሽታ ብቻ ከሆነ ግን ውስኪው ጤነኛ፣ ሥሩ ግን ቀጭን ነው፤ እሱን ጓደኞችዎ ሲመጡ በበረዶ ይጨርሱት።